ቡናን ይዘን ግልገል ጊቤ፤ ለሾፌሩ 5፣ ለቢሮው 2

ባሕር የለንም። ከጅማ ተነስቶ ቀይ ባሕር ዳር ልድረስ የሚል ሰው ቀናት መንዳትና ድንበር መሻገር አለበት። እኔ ግን ሰው ውሻውን መስኮት ላይ አስቀምጦ ባሕር ባሕሩን ሲነዳ የሚያሳይ ቪዲዮ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳይ አድሬ፣ ጠዋት ቅናቱ አልለቀኝ አለ። ስለዚህ ለጅማ ሰው የሚቀርበውን «ባሕር» መረጥኩ። የግልገል ጊቤ ግድብ ኃይቅ። ሰርቦንና አሰንዳቦን አልፎ፣ በአዲስ አበባው መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ለዚህ ብዬ የተከራየሁትን መኪና ነው ዛሬ የምገመግመው።

የውሻው ስም ቡና ነው። ቀለሙ ልክ መካከለኛ የተቆላ ቡና ስለሆነ። ይህ ስም መንገድ ላይ ምን እንዳደረገን በኋላ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ መናኸሪያ ሄጄ ነበር። ረዳቱ ቡናን ከላይ እስከ ታች አየና «ፖርቶ መጋላ ላይ ከበጎቹ ጋር ይወጣል፤ ሒሳቡ የአንድ ሰው ነው» አለኝ። የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለደም።

እናም ወደ ኮንትራት ሄድኩ። አንድ መኪና የሚያከራይ ቢሮ አለ፣ ስሙን አልጠራም፤ ስልክ ደወልኩና ዋጋ ተነጋገርን። ለእኔ፣ ለእማዬና ለታናሽ እህቴ ሚኒባስ ስለሚበዛ ቶዮታ ኖህ ይሻልሻል አሉኝ። (እንስሳ በኖህ መሄዱ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።) ከነነዳጁ 6,500 ብር፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት። ቀብዱን 2,000 ብር በቴሌብር ላክሁ። «ውሻ እንይዛለን» ብዬ ሁለቴ ነገርኳቸው፤ ሁለቴም «ችግር የለም» አሉኝ። እማዬ ዋጋውን ስትሰማ «ለውሻ ኮንትራት? ሰው በእግሩ እየሄደ?» ብላ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ። መጨረሻ ላይ ግን ዳቦና ሁለት ሃይላንድ ውሃ ይዛ ከሁላችን በፊት በር ላይ የቆመችው እሷ ናት።

መኪናው 1 ሰዓት ላይ ይመጣል የተባለው 1:40 ላይ መጣ። ቢሮው አልደወለም፣ ይቅርታም የለም። ይህን መዝግቡልኝ።

አሁን ወደ ሾፌሩ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረጉኝ እሳቸው ናቸውና። ስልሳ ዓመት የሚሆናቸው ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ናቸው፤ «ጋሼ» እያልን ነው የዋልነው። ከመኪናው ወረዱና ቡናን ከሦስት እርምጃ ርቀት ቆመው አዩት። እኔ በልቤ «አለቀልን፣ አልወስድም ሊሉ ነው» እያልኩ ነው። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ ውሻ አልጠላም። ከብት ስጠብቅ ያደግኩት ከውሻ ጋር ነው። ግን ሰላት አለብኝ። ምራቁ ከነካኝ መታጠብ፣ ልብስ መቀየር ይኖርብኛል። እሱ ከኋላ ይሁን፣ እኔ ከፊት፤ መሃል ላይ አንሶላ እንዘርጋ።»

ከኋላ ዕቃ መጫኛው አሮጌ አንሶላ አወጡ። ሁለቱን ጫፍ ከበሮቹ በላይ ባሉት መያዣዎች ላይ አሰሩ፣ ታችኛውን ጠርዝ ከፊት ወንበሮች ሥር ወተፉ። ከዚያ የኋላውን ወንበር በባዶ ማዳበሪያ ሸፈኑት፣ ከላዩ ላይ የኔን አሮጌ ጋቢ። ሁሉም አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ማንም አልተቆጣ፣ ማንም አልተሸማቀቀ። እኔ ጅማ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፤ ውሻ ይዤ ስንቱ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሜ እንደምቀር አውቃለሁ፣ ሰውየውንም እምነቱንም አልወቅስም፤ ግን ነገሩን እንዲህ በግልጽ አስቀምጦ መፍትሔውንም አብሮ ያመጣልኝ ሰው እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው።

ልንነሳ ስንል ደግሞ «የእብድ ውሻ ክትባቱስ?» አሉኝ። ቢሮው ይህን አልጠየቀኝም። ካርዱን ሰጠኋቸው፣ ራቅ አድርገው ይዘው ቀኑን አነበቡ፤ ዓመት አልሞላውም። «ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የሌለው በሽታ ነው» አሉ ካርዱን እየመለሱልኝ። እውነታቸውን ነው። «በሉ፣ ቢስሚላህ።»

መንገዱን ታውቁታላችሁ። አስፓልት ነው፣ ግን ጉድጓዱ ሳይታሰብ ነው የሚመጣው። ሰርቦ ሳንደርስ ቡና አስመለሰ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጠዋት ሆዱን ሞልቼ ቂንጬ አብልቼው ነበር። ጋሼ ምንም ሳይሉ ዳር ይዘው ቆሙ። ማዳበሪያውን አወጡ፣ በጀሪካን ውሃ አለቀለቁት፣ አራግፈው ገልብጠው መልሰው ዘረጉት። «ውሻ መኪና ሲገባ ሆዱ ባዶ ይሁን። ከሦስት አራት ሰዓት በፊት ይብላ፣ ከዚያ ውሃ ብቻ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ መስኮቱን አፍንጫው ብቻ እንዲወጣ ያህል ከፈትንለትና ሰላም ሆነ። ኤሲው «ይሠራል» ተብዬ ነበር። የሚወጣው ንፋስ ነው እንጂ ቅዝቃዜ የለውም። ለኛ አይደለም የምለው፤ ውሻ እንደ ሰው በቆዳው አያልበውም፣ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። በጥር ፀሐይ የተዘጋ መኪና ውስጥ ማቆየት ጭካኔ ነው። ጋሼ በቆምን ቁጥር ጥላ ፈልገው ነበር የሚያቆሙት።

አሰንዳቦ ቡና ልንጠጣ ወረድን። በሩን ስከፍት ቡና ዘሎ ወጣና ወደ መንገዱ ሮጠ። እኔ ነፍሴ ወጥታ «ቡና! ቡና! ና!» እያልኩ ስጮህ ጀበና ያቀረበችው ሴትዮ «እሺ እህቴ፣ መጣሁ፤ ስንት ሲኒ?» አለችኝ። ታናሽ እህቴ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። ውሻውን ያስቆመው እረኛ ልጅ ነው፤ በፉጨት ብቻ። ሁለት ሁለት ሲኒ ጠጣን። ገመድ ይዛችሁ በሩን ክፈቱ፤ እኔ የተማርኩት በዚህ መንገድ ነው።

ውሃው መጀመሪያ የሚታየው በዛፎቹ መሃል ነው። ከዚያ በአንዴ ይሰፋል። ኃይቁ የተፈጥሮ አይደለም፤ 40 ሜትር ከፍታ ካለው የግልገል ጊቤ ግድብ ኋላ የተጠራቀመ ነው። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው። ጋሼ ውሃ ሳይተኛበት በፊት በዚህ መንገድ ይነዱ ስለነበር «ያ ሁሉ እርሻ ነበር» እያሉ በጣታቸው ያሳዩን ነበር። የተጠቀሙበት ውሃ ደግሞ ቆሞ አይቀርም፤ ተራራ ሥር በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ተሻግሮ ጊቤ ሁለት ላይ ሌላ 420 ሜጋ ዋት ያወጣል። እህቴ ይህን ስትሰማ ቡናን አይታ «አንተ ደግሞ ከአልጋ ሥር መውጣት ያቅትሃል» አለችው።

ወደ ግድቡ አልተጠጋንም፤ ጥበቃ አለው፣ ጋሼም አልፈለጉም። ዳር ዳሩን ከብት ወደሚግጥበት ሜዳ ነው የወረድነው። ቡናን ከመልቀቄ በፊት አንድ ልጅ ጠርተው በኦሮምኛ ጉማሬ መኖር አለመኖሩን ጠየቁት። የቦዬ ረግረግን ጉማሬዎች የምታውቁ የጅማ ልጆች ለምን እንደጠየቁ ይገባችኋል። ልጁ «እዚህ ጋ የለም፣ ወዲያ ማዶ ግን አትሂዱ» አለ። እኛም ወዲያ ማዶ አልሄድንም።

አሸዋ የሚባል ነገር አትጠብቁ። በበጋ ውሃው እየሸሸ ስለሚሄድ መጀመሪያ ሣር ነው፣ ከዚያ የተሰነጣጠቀ መሬት፣ ከዚያ ጭቃ። ቡና በመጀመሪያው ሩጫ እስከ ሆዱ ገባበት። ሲወጣ ከታች ጥቁር፣ ከላይ ቡናማ ሆኖ ቀረ፤ አንድ ጆሮው ላይ ጭቃው ደርቆ እንደ ቅርፊት ቆሞ ነበር። በጣም ነው ደስ ያለው። እኔም።

ምሳ ቆሮሶ ዓሣ ነበር፤ ከመንገድ ዳር የገዛነው፣ ሙሉውን ተጠብሶ፣ በሎሚና በዳጣ። ለቡና ከሥጋው ብቻ ለይቼ ሰጠሁት። የተጠበሰ አጥንት ጉሮሮው ላይ ሊሰነቀር ይችላልና አትወርውሩለት፣ እንዴትም ዓይን ዓይናችሁን ቢያይ። እማዬ ግን ወረወረችለት፤ ከአፉ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ የዙሁር ሰላት ሲደርስ በያዙት ጀሪካን ታጠቡና ከግራር ሥር ምንጣፋቸውን ዘረጉ። እኔ ቡናን በገመድ ይዤ ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቅኩ። ሌላ ጊዜ ገመድ ሲያዝ የሚንጫጫው ውሻ ቁጭ ብሎ ዝም ብሎ ጠበቃቸው።

10 ሰዓት ላይ ተነሳን። ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያ አትገኙ፤ ወባው አይቀለድበትም፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ ኃይቅ ዙሪያ ወባን ለዓመታት ያጠኑት በከንቱ አይደለም። ቤት ገብቼ ሳጥበው ደግሞ ከቡና ጆሮ ኋላ አራት መዥገር አገኘሁ። ከብት በዋለበት ሣር ላይ ሮጦ ሌላ ምን ይጠበቃል? በወረንጦ ከቆዳው አስጠግቼ ይዤ ቀስ ብዬ ነቀልኳቸው።

አሁን ወደ ቅሬታው። ጅማ ገብተን ቀሪውን ልከፍል ስደውል ቢሮው «የውሻ ማጠቢያ 800 ብር አለ» አለኝ። የምን ማጠቢያ? ወንበሩን ማዳበሪያና ጋቢ ሸፍኖት ነው የዋለው። ለማለቅለቅ ያጠፋነው ውሃም የጋሼ ጀሪካን ነው። አስቀድመው ቢነግሩኝ እከፍል ነበር፤ «ችግር የለም» ብለው ማታ ላይ ዋጋ መጨመር ግን ሌላ ነገር ነው። ጋሼ ስልኩን ተቀብለው «መኪናው ንጹህ ነው፣ እኔ ነኝ የነዳሁት» ቢሏቸውም አልሰሙም። ተከራክሬ 400 ከፈልኩ። ጋሼ መሬት መሬቱን ነበር የሚያዩት፤ ከ400ው ይልቅ የቆጨኝ እሱ ነው።

መኪናው 3 ይበቃዋል፤ ጎማውና ፍሬኑ ደህና ነው፣ ኤሲው የለም። ቢሮው 2፣ እሱም መኪናውን ጨርሶ ስላላስቀረ። ጋሼ 5፣ ከዚያ በላይ ቁጥር ስለሌለ። ስልካቸውን በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ካላችሁ ትንሽ ታገሱ፤ ሳላስፈቅዳቸው አልሰጥም። የምትከራዩት ከማንም ይሁን፣ ከዋጋው በፊት «ሾፌሩን ስለ ውሻው ልናገረው» በሉ፣ የማጠቢያውንም ዋጋ በጽሑፍ ተቀበሉ።

የምንመለሰው ከመስቀል በኋላ ነው፣ ውሃው ሞልቶ ጭቃውን ሲሸፍነው። አንሶላ ገዝቻለሁ። የጋሼ አሮጌ አንሶላ አንድ ጫፉ ላይ በቡና ጥፍር ተቀዷል፤ አልነገሩኝም፣ ስናወርደው ነው ያየሁት።