ኔትኒውስዋየር፦ የሚነበበውን አንባቢው ራሱ የሚመርጥበት መተግበሪያ

በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ዓይናችን ምን ላይ እንደሚያርፍ የሚወስነው አልጎሪዝሙ ነው። ድረ ገጾች አዳዲስ ጽሑፎቻቸውን ለተከታታዮቻቸው በሚያቀርቡበት በአርኤስኤስ ግን መራጩ አንባቢው ነው፤ የመረጠው ድረ ገጽ አዲስ ጽሑፍ ሲያወጣ ፊዱ (የአዳዲስ ጽሑፎቹ ዝርዝር) ላይ ይጨምረዋል፣ የፊድ ማንበቢያው ደግሞ አውርዶ በወጣበት ቀን ቅደም ተከተል ይደረድርለታል። ጉግል ሪደር የተባለው የፊድ ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲዘጋ ነገሩ ያበቃለት የመሰላቸው ብዙ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ኔትኒውስዋየር ግን ዛሬም ለማክ፣ ለአይፎንና ለአይፓድ በነጻ ይገኛል፤ ኮዱ ክፍት ነው፣ ማስታወቂያም የለበትም። የአፕል መሣሪያ ላለው ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አናውቅም።

ፊድ ለመጨመር የድረ ገጹን አድራሻ ኮፒ አድርጎ ማስገባት ይበቃል፤ ፊዱን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል። ካላገኘና ድረ ገጹ ዎርድፕረስ በተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ የተሠራ ከሆነ፣ ከዋናው አድራሻ መጨረሻ እዝባር ጨምሮ «ፊድ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል (/feed) መጻፍ አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል።

ከዚያ በፊት ግን የአካውንቱ ምርጫ ይቀድማል፤ ብዙ ሰው ሳያስብበት የሚያልፈውም ይህንኑ ነው። መሣሪያው ላይ ብቻ የሚቀመጠው አካውንት ከሌላ መሣሪያ ጋር አይናበብም። የአይክላውዱ ማክንና አይፎንን ያናብባል፤ ሆኖም ፊዶቹን የሚያወርደው ያው የእርስዎ መሣሪያ እንጂ የሆነ ቦታ ሌት ተቀን የሚሠራ ሰርቨር አይደለም። ይህ ለምን ያሳስባል? ፊድ የድረ ገጹን ሙሉ ማኅደር አይዝም። ዎርድፕረስ ካልተቀየረ በቀር የሚያወጣው የመጨረሻዎቹን 10 ጽሑፎች ብቻ ነው። በቀን 30 ዜና የሚያወጣ ድረ ገጽ ቢከታተሉና መሣሪያዎ አንድ ሙሉ ቀን ተዘግቶ ቢውል፣ ሲከፍቱት 10ሩን ያገኛሉ፤ 20ው ከፊዱ ወጥቷል። በሳምንት አንዴ ለሚጽፍ ጦማሪ ግን ይህ ችግር አይደለም። ዜና በብዛት የሚከታተል ሰው ፊድቢንን፣ ኢኖሪደርን ወይም በራሱ ሰርቨር የሚጭነውን ፍሬሽአርኤስኤስን ከኔትኒውስዋየር ጋር ቢያገናኝ ይሻለዋል፤ ማውረዱን እነሱ ይሠራሉ፣ ንባቡ እዚሁ ይሆናል።

ንባቡ ራሱ ደስ ይላል። በማክ ላይ የስፔስ ቁልፍ ጽሑፉን ወደ ታች ያንሸራትታል፣ ሲያልቅም ወዳልተነበበው ቀጣይ ጽሑፍ ይወስዳል። የኬ (K) ቁልፍ የተከፈተውን ዝርዝር በሙሉ እንደተነበበ ይቆጥራል። ይህችን ቁልፍ ያለ ጸጸት መጠቀም መልመድ ያስፈልጋል፤ ያልተነበቡትን የሚቆጥረው ቁጥር ዕዳ አይደለም። ፎልደሮችን በርዕስ ከመክፈል ይልቅ «በየቀኑ» እና «ቅዳሜና እሑድ» ብሎ በንባብ ጊዜ መክፈል ይበጃል፤ ጠዋት ላይ የመጀመሪያውን ብቻ ከፍቶ መውጣት ይቻላልና።

አንዳንድ ፊዶች ጽሑፉን ሁለት መስመር ላይ ቆርጠው ይልካሉ። ለእነዚህ በፊዱ መረጃ ውስጥ «ሁልጊዜ በንባብ እይታ ክፈት» የሚለውን ማብራት ነው፤ ሙሉውን ጽሑፍ ከድረ ገጹ ያመጣል። በክፍያ ለተዘጋ ጽሑፍ ግን አይጠቅምም። ድረ ገጽ ሲታደስ የጽሑፎቹ መለያ ከተቀየረ አሮጌዎቹ እንደ አዲስ ተመልሰው ይግተለተላሉ፤ ፊዱን መሰረዝ አያስፈልግም፤ ኬን መጫን ብቻ በቂ ነው።

ትልቁ ጉድለቱ ማጣሪያ የሌለው መሆኑ ነው። ከአንድ ፊድ ውስጥ ስፖርቱን አስቀርቶ ሌላውን ማንበብ የሚፈልግ ሰው፣ ድረ ገጹ በየዘርፉ የተለየ ፊድ ካለው እሱን ይጨምር፤ ከሌለው ማጣሪያው በሰርቨሩ በኩል ካልተሠራ በቀር መፍትሔ የለም።

በአንድሮይድ የለም። እዚያ ፊደር የተባለው፣ እሱም ነጻና ኮዱ ክፍት የሆነ መተግበሪያ፣ ያለ አካውንት ይሠራል። ዝርዝሩን ወደዚያ ለማሸጋገር ከኔትኒውስዋየር የኦፒኤምኤል ፋይል (የፊዶቹን ዝርዝር የያዘ ፋይል) አውጥቶ ማስገባት ነው። ወደ ሌላ የማይሄድ ሰውም ይህን ፋይል አልፎ አልፎ ቢያወጣ ጥሩ ነው፤ በአይክላውድ አካውንት በስህተት የተሰረዘ ፊድ ከአንዱ ብቻ ሳይሆን ከሁሉም መሣሪያዎች ይጠፋል።