ስምንት ወር ዳክዬ ያነሳሁበት ሌንስ፣ ጉም የገባበት ከውስጥ ነው

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ፀሐይ ገና ከሸምበቆው በላይ አልወጣችም። ጭራቸው ሹል የሆነ ዳክዬዎች፣ ሰባት ይሆናሉ፣ ሐይቁን አንድ ጊዜ ዞሩና እግራቸውን ዘርግተው ወደ እኔ መውረድ ጀመሩ። ለዚህች ቅጽበት ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ተመላልሻለሁ። ካሜራውን አነሳሁ። ያየሁት ግን ወተት የተደፋበት የሚመስል ነጭ ነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ የሐይቁ ጉም መሰለኝ። የሌንሱን ፊት በጨርቅ ጠረግኩት፣ አልለቀቀም። ደግሜ ጠረግኩት፣ አሁንም አለ። ጣቴን መስታወቱ ላይ ሳደርግ ነው የገባኝ። ደረቅ ነው። ጉሙ ከውስጥ ነው።

ሌላውን በአጭሩ ልንገራችሁና ወደዚህ ልመለስ። ሌንሱ ከ150 እስከ 600 ሚሊሜትር የሚሄድ ዙም ነው፣ ክብደቱ ሁለት ኪሎ ገደማ። ፎከሱ ፈጣን ነው፣ የወፍ ዓይን ቶሎ ይይዛል። 600 ላይ ቀዳዳው የሚከፈተው እስከ ኤፍ 6.3 ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ማለትም ብዙ ብርሃን ስለማያስገባ፣ ንጋት ላይ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ይላል፣ እሱን ግን ስገዛው አውቄው ነበር። በዚህ አልከስም።

የምከስበት ሌላ ነው። ሻጩ "የታሸገ ነው፣ ዝናብም አቧራም አይነካውም" ብሎኝ ነበር። እኔም አምኜ ገዛሁ። ወንድሜ፣ የውሃ ጠብታና እንፋሎት አንድ አይደሉም! ይህ ሌንስ ዙም ሲደረግ ፊቱ ወደ ውጭ ይረዝማል። ሲረዝም ውስጡ ይሰፋል፣ የሰፋው ቦታ ደግሞ አየር ይፈልጋል፣ አየሩም በየስንጥቁ ይገባል። መልሰህ ስታሳጥረው ያስወጣል። የአንጥረኛ ወናፍ ማለት ነው። ዙሪያውን ያለው ላስቲክ ጠብታውን ያግዳል፣ አየሩን ግን አያግድም። ሐይቅ ዳር ያ አየር እርጥብ ነው። ማታ ላይ አንድ ሙሉ ሰዓት ዙም ሳደርግ እቆያለሁ፣ ሌንሱ የሐይቁን እርጥበት ሲጠጣ ያመሻል፣ ንጋት ላይ የፊቱ መስታወት ሲቀዘቅዝ የጠጣው ሁሉ ውስጡ ጤዛ ይሆናል።

ለጥገና ይዤው ስሄድ ባለሙያዎቹ "የአጠቃቀም ችግር ነው" አሉኝ። ፈትሸው "ጤነኛ ነው" ብለው መለሱልኝ። እስቲ ንገሩኝ፣ ዳክዬ የሚያነሳ ሰው ዙም ሳያደርግ ምን ያድርግ? ጠልቀው የሚመገቡት ዳክዬዎች ለመነሳት ውሃው ላይ እየሮጡ ስለሚንደረደሩ ትንሽ ፋታ ይሰጡሃል። ከላይ ከላይ የሚመገቡት ግን፣ ሹል ጭራዎቹን ጨምሮ፣ ከውሃው ቀጥ ብለው ነው የሚዘሉት። አሁን በ300 ይዘሃቸው፣ በሚቀጥለው ሰከንድ 600 ያስፈልግሃል። ሌንሱ ለዚህ ካልሆነ ለምን ተሠራ?

የዚያን ቀን ጉሙ እስኪጠፋ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። እስከዚያ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ በዓይኔ ብቻ አየኋቸው። (መኪና ከየትኛውም መደበቂያ ድንኳን ይሻላል፣ ወፎቹ መኪናን ብዙም አይፈሩም። ማሞቂያውን ግን አጥፉት፣ በመስኮት የሚወጣው ሙቀት ፎቶውን ያንቀጠቅጠዋል።) ወርጄ ልጠጋ ብዬ አስቤ ነበር። ተውኩት። ሁሉም አንገታቸውን በአንዴ ቀጥ ካደረጉ ሊበሩ ነው ማለት ነው። ከሩቅ ሰሜን ያን ያህል መንገድ የመጣ ወፍ ለአንድ ፎቶ ብሎ መብረር የለበትም፣ ጉልበቱ ለመልስ ጉዞው ያስፈልገዋል።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬ ተለወጠ። ሌንሱን አየር በማያስገባ ሳጥን ውስጥ እርጥበት ከሚመጥ ሲሊካ ጄል ጋር አስቀምጣለሁ፣ የእርጥበት መለኪያም አስገብቻለሁ፣ ከ40 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን እጠብቃለሁ። ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ከመግባቴ በፊት ላስቲክ ውስጥ አስሬ ነው የማስገባው፣ ጤዛው ላስቲኩ ላይ እንዲያርፍ። ይህን ሁሉ የማደርገው ፈንገስ ስለምፈራ ነው። እርጥበት ውስጡ ከቆየ ፈንገስ ይበቅላል፣ የመስታወቱን ቅብ ይበላዋል፣ ያኔ በጨርቅ የሚጠረግ ነገር አይሆንም።

ዛሬ ብትጠይቁኝ አትግዙት እላለሁ። ዙም ሲደረግ የማይረዝም፣ መስታወቱ ውስጥ ለውስጥ የሚንቀሳቀስ ሌንስ አለ፤ ውድ ነው፣ ሻንጣ ውስጥም ረጅም ቦታ ይይዛል፣ ግን እንደ ወናፍ አይስብም። ለውሃ ዳር ሰው እሱ ነው።

ትናንት ብትጠይቁኝ ግን ሌላ ነበር የምላችሁ። ትናንት ንፋሱም ፀሐዩም ከጀርባዬ ነበሩ። ወፍ ሲያርፍ ፊቱን ወደ ንፋስ ስለሚያዞር የሚያርፉት ሁሉ ወደ እኔ ይመጣሉ። ምንቃሩ እንደ አካፋ የሰፋው ዳክዬ ወንዱ አረፈና ጭንቅላቱን ከውሃ አወጣ። በ1/2500 ሰከንድ ያዝኩት። ቤት ገብቼ ፎቶውን ሳሰፋው የምንቃሩ ጠርዝ ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩት፣ ምግቡን ከውሃ የሚያጠልልባቸው ቀጫጭን ነገሮች አንድ በአንድ ይታያሉ። በመካከላቸው የውሃ ጠብታ ተንጠልጥሏል። ጭንቅላቱ ላይ ያለው አረንጓዴ ደግሞ ብርሃኑ ሲያገኘው ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። አልጋዬ ላይ ሆኜ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ለዚህ ነው እስካሁን ያልሸጥኩት።

አሁን ከቤት ሳልወጣ፣ አየሩ ደረቅ በሆነበት፣ 600 ላይ አድርጌ እቆልፈዋለሁ። ሐይቁ ዳር ጨርሶ አልነካውም። ዙም ከፍዬ ገዝቼ ዙም አላደርግም፣ ይሄ ያናድደኛል። ቅርብ የመጣብኝ ወፍ ክንፉ ከፎቶው ውጭ ይቀራል፣ እሱን ችዬዋለሁ። ሹል ጭራዎቹ እንደ ሳይቤሪያ ባለ የሰሜን ምድር ነው የሚራቡት፣ ለመመለስም ጥቂት ቀን ነው የቀራቸው። ነገ 12 ሰዓት ሳይሞላ እዚያው ሸምበቆ አጠገብ እቆማለሁ፣ ሌንሱ 600 ላይ እንደተቆለፈ።