ያገለገለው የ200 ሊትር በርሜል ለኮምፖስት ይሆናል?

ይሆናል፤ አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ ሙሉ በሙሉ የሚነሳ ከሆነ። አፈ ጠባቡ መንሽ ስለማያስገባ ማገላበጡ ፈተና ነው። መርካቶ ሲገዙ መጀመሪያ ያሽትቱት፦ ኬሚካል የሸተተውን በነፃ ቢሰጡዎትም አይውሰዱ። የዘይት ወይም የጭማቂ ከሆነ በሙቅ ውሃና በሳሙና ማጠብ ይበቃል።

እንዳለ ግን አይሠራም። ጎኑን በ10 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ 40 ያህል ቦታ፣ ታቹን 10 ቦታ ይብሱትና ብሎኬት ላይ ያስቀምጡት። ከሥር አንድ ስንዝር ጭራሮ፤ ከዚያ ለአንድ ባልዲ እርጥብ (የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ) ሁለት ሦስት ባልዲ ደረቅ፦ ጭድ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ የረገፈ ቅጠል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ቶሎ አይበሰብስም፤ ይቅር። ሥጋና ቅባት አይጥ ይጠራል።

ጀማሪ የሚሸነፈው በውሃ ነው። ከመሃል እፍኝ ወስደው ሲጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ቢወጣ ልክ ነው፤ ከፈሰሰ ግን አየር አጥቷል፣ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል። ሰጋቱራ ጨምሮ ማገላበጥ ነው መድኃኒቱ (የቺፕውድ ሰጋቱራ አይደለም፤ ሙጫ አለበት)።

ትልቁ ጉድለቱ መጠኑ ነው፦ እንደ አንድ ሜትር ኩብ ክምር የአረም ዘር የሚገድል ሙቀት አይይዝም፤ ስለዚህ ዘር ያፈራ አረም አይግባበት።