የልጃችንን አጥንት ለተከታተለችልን የሥነ ምግብ ባለሙያ

ዋሽንግተን አካባቢ በአንድ ሆስፒታል የሕፃናት ንቅለ ተከላ ክፍል ለምታገለግል ኢትዮጵያዊት የሥነ ምግብ ባለሙያ በቤተሰባችን ስም ከልብ የመነጨ ምስጋና እናቀርባለን። ስሟ በአደባባይ እንዳይጠራ ስለጠየቀችን ፈቃዷን አክብረናል።

ልጃችን የሐሞት ቱቦ የሚዘጋበት ቢሊያሪ አትሬዢያ የተባለ ሕመም ይዞት ተወልዶ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ከአባቱ ጉበት ተከፍሎ ተተከለለት። ከዚያ ወዲህ ሐሳባችን ሁሉ በጉበቱ ምርመራ ላይ ነበርና አጥንቱን ያስታወሰችን እርሷ ናት። ሐሞት ወደ አንጀት በበቂ ሁኔታ ካልፈሰሰ ሰውነት ቅባትንና ከቅባት ጋር የሚገቡትን ቫይታሚኖች፣ በተለይም ቫይታሚን ዲን፣ በሚገባ ስለማይወስድ የእንዲህ ያለ ሕፃን አጥንት ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሊሳሳ እንደሚችል፣ ሰውነቱ አዲሱን ጉበት እንዳይገፋ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህንኑ ሊያባብስ እንደሚችል፣ መድኃኒቱ እየተቀነሰ ልጁም እየበላና እየተጫወተ ሲሄድ ግን አብዛኛውን ጊዜ አጥንቱ እንደሚያገግም በትዕግሥት፣ በአማርኛ አስረዳችን።

ልጁ መራመድ እየቻለ «እቀፉኝ» ማብዛቱን ስንነግራት እንደ ልጅ አመል አላለፈችውም። የአከርካሪ አጥንት ስብራት ጎልቶ የሚታይ ሕመም ሳይኖረውም ሊደርስ እንደሚችል ገልጻ ለሐኪሙ በማሳወቋ ራጅ ተነሣ፤ አንዱ የአከርካሪ አጥንቱም በጥቂቱ ተጨፍልቆ ተገኘ። ሕክምናው በጊዜው ተጀምሮለት ዛሬ እየሮጠ ነው።

ከሁሉ በላይ የማንረሳው ምክሯን በገዛ ማዕዳችን ላይ መመሥረቷን ነው። ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 700 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም እንደሚያስፈልገው ነግራን፣ ከወተት ሌላ ጤፉና ጎመኑ ምን ያህል እንደሚያግዙ አብራን አሰላች፤ መድኃኒቱ በሽታ የመከላከል አቅሙን ስለሚቀንሰው እርጎና አይብ ካልተፈላ ወተት የተሠራ እንዳይሆን አጥብቃ አስጠነቀቀችን። አያቱ እንደ አገር ቤት ልማድ ፀሐይ ሊያሞቁት ሲሉም «እማማ» እያለች፣ እነዚህ መድኃኒቶች ውለው አድረው የቆዳ ካንሰርን ሥጋት ስለሚጨምሩ ቫይታሚን ዲውን በጠብታ መስጠት እንደሚሻል፣ መጠኑንም ሐኪሙ በደም ምርመራ እንደሚወስነው በአክብሮት አስረዳቻቸው።

ልጃችሁ ጉበት የተተከለለት ወይም ተራ የሚጠብቅ ወላጆች፣ የትም ብትታከሙ የንቅለ ተከላ አስተባባሪያችሁ ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር እንድታገናኛችሁ ጠይቁ፤ የልጁ ቫይታሚን ዲ መቼ እንደተለካም አጣሩ። በእኛ አካባቢ ያላችሁ በውስጥ መስመር ብትጽፉልን፣ እርሷን አስፈቅደን እናገናኛችኋለን።