ላፕቶፕ ዘገየ ተብሎ አንቲቫይረስ ሲሸጥ፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ

በዘንድሮው የወሎ ጉዞዬ ስለ ሆቴሉም ሆነ ስለ መኪና ኪራዩ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁለቱም ለከፈልኩት ዋጋ የሚመጥኑ ነበሩ። እንድጽፍ ያነሣሣኝ የእኅቴን ልጅ ላፕቶፕ ለማስጠገን የሄድኩባቸው ሁለት ቤቶች ነገር ነው። አንደኛው ደሴ ፒያሳ አካባቢ ፎቅ ላይ ያለ ሰፊና ያማረ ቤት ሲሆን፣ ሌላው ኮምቦልቻ ውስጥ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር በግድግዳ የተካፈለ ጠባብ ክፍል ነው። ስማቸውን አልጠቅስም፤ የሆነውን ግን ከውጭ መጥታችሁ ለቤተሰብ ኮምፒውተር ለምታስጠግኑ ሁሉ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

ልጅቱ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪ ናት። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራበት ላፕቶፕ ከዓመታት በፊት እኔው ከፍራንክፈርት የላክሁላት ነው። ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ይቀዳል፤ አንድ የዎርድ ፋይል ሲከፈት ማውዙ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ፍላሽ ሲሰካበት ደግሞ ፎልደሮቹ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት (ወደ ፋይሉ የሚመራ ምልክት) ብቻ ይታያል።

ደሴ ያለው ቤት የተቀበለን ሰው ላፕቶፑን ከፍቶ ዴስክቶፑ እስኪመጣ እንኳ ሳይጠብቅ «ይኼ በቫይረስ ተበልቷል፣ ፎርማት ተደርጎ ኦሪጅናል አንቲቫይረስ ይጫንበታል» አለን። ዋጋውን ብጠይቀው «አብሽሩ ጋሼ፣ አንጣላም» ብሎ ፈገግ አለ። እንዲህ ያለውን የወሎ ማባበል ናፍቄ ስለ ኖርኩ ደስ እያለኝ ወጣሁ። በማግሥቱ ከሰዓት ስንመለስ መብራት ጠፍቶ አልተነካም ነበር፤ ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። በሚቀጥለው ቀን የሚሠራው ልጅ ለለቅሶ ሐይቅ ሄዷል ተባልን። ከዚያ በኋላ ደግሞ ፎርማቱ አልቆ «አንቲቫይረሱ እየወረደ ነው፣ ኔትወርኩ አስቸገረ» ሆነ። ልጅቱ ለአማካሪዋ የምታስረክብበት ቀን እየደረሰ ስለ ነበር ስልክ ስንደውል የሚሰጠን መልስ ሁልጊዜ ጨዋ፣ ሁልጊዜም ባዶ ነበር።

በመጨረሻ ሲያስረክቡን ሒሳቡ በቁራጭ ወረቀት ላይ ተጽፎ ቀረበልኝ፦ ፎርማት 800 ብር፣ ሰርቪስ 500 ብር፣ የአንድ ዓመት ኦሪጅናል አንቲቫይረስ 3,500 ብር፣ በድምሩ 4,800 ብር። ደረሰኝ ስጠይቅ በደረሰኝ ከሆነ አሥራ አምስት በመቶ ይጨመራል አሉኝ፤ ዋጋው ቫትን እንደማያካትት ያን ያህል ቀን ስንመላለስ አንድም ጊዜ አልተነገረኝም። ከሁሉ የከፋው ግን ዲስኩን ሲያጸዱ በውስጡ ያለውን ለማስቀረት አንድ ጊዜ እንኳ አለመጠየቃቸው ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ የተረፈው ልጅቱ በየጊዜው ወደ ራሷ ቴሌግራም ትልከው ስለ ነበር ብቻ ነው። የቤተሰቡ ፎቶዎች ግን አብረው ተጠርገው ነበር። ይህን ስናነሣ ሰውየው «ፋይል አስቀሩ አላላችሁንም» አለን፤ እኔ በምኖርበት ከተማ አንድ ጥገና ቤት ዋጋውን በጽሑፍ ሳያሳውቅና ስለ ፋይሎቹ ሳያስፈርም ወደ ሥራ ሲገባ አላየሁም።

ላፕቶፑ ለሁለት ቀን ያህል ፈጠን አለ፤ ከዚያ ወደ ቀድሞ ጠባዩ ተመለሰ። ጓደኞቿ የኢንስቲትዩቱ ተማሪዎች የሚያዘወትሩትን ቤት ስለ ነገሯት ኮምቦልቻ ወረድን።

ኮምቦልቻ ያገኘነው ወጣት ከሁሉ በፊት ያደረገው ወንበር ስቦ አጠገቡ ማስቀመጥ ነው። ማሽኑን እያየን ከፈተውና የኮምፒውተሩ ክፍሎች ምን ያህል እየሠሩ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማኔጀር አወጣ። ፕሮሰሰሩ ከአሥር በመቶ በታች እየሠራ፣ ራሙም ገና ቦታ እያለው፣ ዲስክ የሚለው ዓምድ መቶ በመቶ ላይ ቀይ ሆኖ ተተክሏል። «ጋሼ፣ ቫይረስ ቢኖርም ባይኖርም ይኼ ዲስክ ደክሟል» አለኝና የዲስኩን የጤና መዝገብ በሚያነብ ነፃ ፕሮግራም አሳየኝ፤ ዲስኩ ራሱ የተበላሹ ክፍሎቹን እየዘለለ በመጠባበቂያዎች እንደሚተካ መዝግቦ ኖሯል። በውስጡ ሳሕን የሚሽከረከርበት የድሮ ሃርድ ዲስክ እንዲህ ሲሆን አንዱን ክፍል ለማንበብ ደጋግሞ ስለሚሞክር ኮምፒውተሩ ሁሉ ቆሞ ይጠብቀዋል። ፎርማት ሲደረግ የፈጠነ የሚመስለውም የሚነበበው ነገር ስለሚቀንስ እንጂ ዲስኩ ስለ ዳነ አይደለም።

ቀጥሎ ያሳየን ነገር ይበልጥ አናደደኝ። ኦሪጅናል የተባለው አንቲቫይረስ ሲከፈት ከታች በኩል የሙከራ ጊዜው ሊያልቅ የቀሩትን ቀናት ይቆጥራል፤ ለሠላሳ ቀን በነፃ የሚወርደው መሆኑ ነው። በላዩ ላይ ሌላ ነፃ አንቲቫይረስ ተጭኗል፤ ሁለቱም እያንዳንዱን ፋይል ሲከፈት እኩል ስለሚመረምሩ የታመመውን ዲስክ እጥፍ ያደክሙታል። ዊንዶውሱ ደግሞ በክራክ (ያለ ፈቃድ በሚያስከፍት ፕሮግራም) የተከፈተ ሲሆን፣ ክራኩ እንዳይሰረዝ ተብሎ ዊንዶውስ ራሱ ይዞት በሚመጣው አንቲቫይረስ በዊንዶውስ ዲፌንደር ውስጥ አይመርመሩ ተብለው ከተመዘገቡት መካከል ዊንዶውሱ ያለበት ሎካል ዲስክ ሲ በሙሉ ተጽፏል። ዋናውን በር ከፍተው ትተው ለዘበኛ ያስከፈሉን መሆኑ ነው። የሚያስቀው፣ ላፕቶፑ ከጀርመን ሲገዛ የራሱ የዊንዶውስ ፈቃድ ማዘርቦርዱ ላይ ተመዝግቦ ነበር፤ ወጣቱ ትክክለኛውን ዓይነት ሲጭንበት ከኢንተርኔት እንደ ተገናኘ ያለ ምንም ክራክ ሕጋዊ ሆኖ ተከፈተ።

ሥራውን የጀመረው ከደከመው ዲስክ ላይ የሚተርፈውን ወደ ሌላ ዲስክ በማውጣት ነው። ከፎቶዎቹ ጥቂት የማይባሉት ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ተሰይመው ተመለሱ። ከዚያ ባለ 256 ጊጋባይት ኤስ ኤስ ዲ (የሚሽከረከር ሳሕን የሌለው ፈጣን ዲስክ) ገጠመ፣ ማቀዝቀዣ ፋኑ ላይ የተጋገረውን አቧራ አጸዳ፣ የደረቀውን የፕሮሰሰር ቅባት ቀየረ። ራም እንዲጨምርበት ብጠይቀው ስምንት ጊጋባይት ለሥራዋ ይበቃታል ብሎ ሊሸጥልኝ አልፈለገም። ለኤስ ኤስ ዲው 5,200 ብር፣ ለእጁ 700 ብር ተቀበለኝ፤ ደረሰኙም የዲስኩ መለያ ቁጥር ተጽፎበት ሳልጠይቅ ተሰጠኝ። በዚያው ቀን ከምሽቱ በፊት ደሴ ተመለስን።

ስለ አንቲቫይረስ የነገረኝን እኔም እጋራዋለሁ። ዊንዶውስ 10 እና 11 ይዘውት የሚመጡት ዲፌንደር፣ ካልተዘጋና ማሻሻያ እያገኘ ከሆነ፣ ለአንድ ተማሪ በቂ ነው፤ ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን እሱ በራሱ ወደ ኋላ ስለሚል የሙከራው ጊዜ ያለቀበትን ሳያጠፉ ተጭኖ መተው ጥበቃን ይቀንሳል። እንደ ቢትዲፌንደርና ኢሴት ያሉት የሚከፈልባቸው ጥሩዎች ናቸው፣ ሆኖም ፈቃዱን በራስ ኢሜይል መዝግቦ መግዛት እንጂ ቁልፉን ከሌላ ሰው እጅ መቀበል አያዋጣም። ኢንተርኔት ለማያገኙ ሰዎች የዲፌንደር ማሻሻያ ፋይል ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ወርዶ በፍላሽ ሊወሰድ ይችላል። የሾርትከት ቫይረስ በብዛት የሚዛመተው ጽሑፍ ለማሳተም ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በሚሰካ ፍላሽ ስለሆነ፣ ልጅቱ ከአሁን በኋላ ለኅትመት የሚሆነውን በቴሌግራም እንድትልክ መክሯታል፤ በፍላሹ ውስጥ የተደበቁትን ፎልደሮችም በአንድ መስመር ትእዛዝ መልሶ አወጣላት፣ ፎርማት አላስፈለገም።

የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ሰባተኛ ትውልድ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበለውም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ እስከ ኦክቶበር 2026 ለሚሰጠው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ አስመዘገበልን። እኔ በምኖርበት አገር ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ከመድከም አዲስ ግዙ ብለው ያሰናብቱን ነበር፤ በዚህ በኩል የኮምቦልቻው ልጅ ይበልጣቸዋል።

የደሴው ቤት ለአንቲቫይረሱ የከፈልኩትን እንዲመልስልኝ በስልክ ጠይቄ ከተከራከርን በኋላ ግማሹን ለእኅቴ ሊሰጥ ተስማምቶ ነበር፤ ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልሰጠም።

ከውጭ የምትመጡ ኤስ ኤስ ዲ ይዛችሁ ለመምጣት ካሰባችሁ፣ አስቀድማችሁ የላፕቶፑን ሞዴል ከጀርባው ፎቶ አንሥተው እንዲልኩላችሁ አድርጉ። አሮጌዎቹ በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባውን ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ሲፈልጉ፣ አዳዲሶቹ ኤም ዶት ቱ የሚባለውን ቀጭኑን ይቀበላሉ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ኮምቦልቻ የምትሄዱት ዓርብ ከሆነ ደግሞ ልጁ ለጁምዓ ሶላት ስለሚዘጋ በጠዋት ድረሱ።