የልጄን የመኪና ኢንሹራንስ ያስተካከለችልን የአሌክሳንድሪያዋ ኤጀንት

ቨርጂኒያ ውስጥ መኪና የሚነዳ ወጣት ልጅ ያላችሁ ይቺን አንብቡልኝ።

ልጄ 19 ዓመቱ ነው። አሮጌ ኮሮላ ገዛና ኢንሹራንስ ለብቻው ገባ። ወርሃዊ ክፍያው ወገብ ይቆርጣል፤ ሁለት ወር ከፍሎ ሳይነግረን አቋረጠው። ጓደኞቹ «ለዲኤምቪ (ለመንጃ ፈቃድና ታርጋ መሥሪያ ቤቱ) 500 ዶላር ከከፈልክ ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ትችላለህ» ብለውት ኖሯል። ያ ነገር ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ቀርቷል። በነበረበት ጊዜም አደጋ ቢደርስ አንድ ሳንቲም አይከፍልልህም ነበር።

ዱክ ስትሪት ላይ መብራት ይዟት የቆመች መኪና ከኋላ ገጨ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ሴትዮዋን የራሷ ኢንሹራንስ መኪናዋን አሠራላትና ሂሳቡን ለልጄ ላከው። ደብዳቤውን ፍራሹ ሥር ነው ያገኘሁት። ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ እኛን ፈርቶ ብቻውን መክረሙ ነው። ቀጥሎ ዲኤምቪ መንጃ ፈቃዱንም ታርጋውንም አገደ። 600 ዶላር ቅጣት፣ የማስመለሻው ክፍያ ለብቻ፣ በዚያ ላይ ለ3 ዓመት ኤስ አር 22 የሚባል የኢንሹራንስ ማረጋገጫ። ዴሊቨሪ ነበር የሚሠራው፣ እሱም ቆመ።

ይቺን ኤጀንት ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው ጠቆመኝ። ሀበሻ ናት። እኔን ትታ ልጁን ፊት ለፊቷ አስቀመጠችውና መጀመሪያ የጠየቀችው «ዴሊቨሪ ትሠራለህ?» ብላ ነው። ለካ ተራው የግል ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ዴሊቨሪ ላይ እያለህ የደረሰን አደጋ አይሸፍንም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ከዚያ ቨርጂኒያ የምታስገድደውን ዝቅተኛ የኢንሹራንስ ሽፋን በዶላር ወረቀት ላይ ጻፈችለት፦ ለአንድ ሰው ጉዳት 50 ሺህ፣ በአንድ አደጋ ለተጎዱ ሁሉ 100 ሺህ፣ ለንብረት 25 ሺህ። «አዲስ መኪና ብትገጭ ይቺ 25 ትበቃሃለች?» አለችው። ዝም አለ። ጣቱን ቁጥሩ ላይ አድርጎ ሲያስብ አየሁት።

ከእኛ ጋር በአንድ ፖሊሲ አስገባችው፣ ለብቻው ይከፍል ከነበረው ወረደልን። ለኮሌጅ ውጤቱም ቅናሽ ጠይቃ አስፈቀደችለት።

ያልወደድኩትን ልናገር። ቅዳሜ ቀጠሮ ይዘን እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ተቀመጥን። የልጁን አነዳድ የሚከታተለው የኢንሹራንሱ የስልክ አፕም ያናድዳል፤ አውቶቡስ ውስጥ ሆኖ ስልክ ሲነካ እየነዳ ነው ብሎ ይመዘግብበታል፣ ገብቶ ማረም ነው።

4 ኮከብ ሰጥቻታለሁ። ከዲኤምቪ የመጣ ደብዳቤ ካለ ይዛችሁላት ሂዱ፣ ልጁንም ጭምር።