የሦስቱ ‹ፒ› ነገር፦ ለአንድ የመኪና ኤሌክትሪሻን ምስጋና

ያገለገለ መኪና የገዛችሁ፣ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ይህችን አንብቡልኝ። ትንሽ ረዘም ትላለች። ምስጋናም አለበት፣ ጥቆማም አለበት፣ እኔ ራሴ ያበላሸሁትም አለበት።

ከአራት ወር በፊት ሀዩንዳይ ቱሳን ገዛሁ፤ እ.ኤ.አ. የ2017 ሞዴል፣ ከዱባይ የገባች። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ላገለገለ መኪና ምን ያህል እንደሚጠየቅ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ሞተሯን አስፈትሼ፣ ሊብሬዋን አይቼ፣ ቦሎዋን አረጋግጬ፣ «ተመስገን» ብዬ ከፈልኩ። ደላላው «ፉል ኦፕሽን ናት እህቴ፣ ራሷ ታቆምልሻለች» ብሎኝ ነበር። ራሷ አታቆምም። ይሄን ያወቅኩት ግቢያችን በር ላይ ነው፤ እመጣበታለሁ።

ከዚያ በፊት የምነዳው የእህቴን አሮጌ ኮሮላ ነበር። እሷ ላይ ብዙ የሚበራ ነገር የለም። የቱሳኗ ዳሽቦርድ ግን ቁልፍ ሲከፈት የበዓል መብራት ነው የሚመስለው። ያውም ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሁፍ በአረብኛ።

ከሁሉ ያደናገረኝ ‹ፒ› የምትባለው ፊደል ናት። ማርሹ ላይ አንድ ፒ አለች። ከማርሹ ሥር በምትሳበዋ ትንሽ ቁልፍ ላይ ክብ ውስጥ የገባች ሌላ ፒ አለች። እዚያው አካባቢ ደግሞ ከጎኗ ሞገድ የመሰሉ መስመሮች ያሏት ሦስተኛ ፒ። ሦስቱም ፓርኪንግ ናቸው አይደል? እኔም መኪና ባቆምኩ ቁጥር ሦስቱንም ነበር የምነካካው፤ አንዷ ባትሠራ አንዷ ትሠራለች ብዬ።

ሁለተኛው ጣጣ ጩኸቷ ነው። የኋላ ማርሽ ሳስገባ፣ ከኋላዬ ሰው በሌለበት፣ አጥር በሌለበት፣ ባዶ ሜዳ ላይ እንኳ፣ «ጢጥ» ብላ ትጀምርና ሳታቋርጥ ትጮኻለች። ሁለት ሳምንት ታገስኩ። ከዚያ ሦስተኛዋን ፒ ስጫናት ዝም እንደምትል ደረስኩበት። እንዴት ደስ አለኝ! ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። የኛ ግቢ በር ላይ መሬቱ ወደ ላይ ያዘነብላል። አንድ ማታ ወደ ኋላ እየገባሁ ካሜራውን ሳይ ገና ሰፊ ቦታ አለ፣ ቀዩ መስመር ብረቱ ጋ አልደረሰም። ለቀቅ ሳደርጋት ኳ! ጥበቃችን «ይምጣ፣ ይምጣ፣ ይምጣ» ሲሉ ቆይተው «በቃ!» ያሉት ከድምፁ በኋላ ነው።

መኪናዋን ይዤ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። የኋላ የፍሬን ሸራም አልቋል ብለው እሱን ቀየሩልኝ፤ በማግስቱ የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬኑ ቢጫ መብራት ዳሽቦርዱ ላይ በርቶ ቀረ። ስመለስባቸው «ያው ያረጀ መኪና ነው» አሉኝ። ስለ ጩኸቷ ደግሞ «ሙሉ ሞጁሉ ተቃጥሏል፣ 42,000 ብር» አሉ። የኋላ ባምፐሩ ላይ ካሉት ርቀት የሚለኩ ክብ ሴንሰሮች አንዱን እንኳ ጎንበስ ብለው ሳይነኩ!

የሥራ ባልደረባዬ ናት እኚህን ሰው የጠቆመችኝ። ጎተራ አካባቢ አንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው የሚሠሩት። ዕድሜያቸው ወደ ስልሳው ይጠጋል። መኪናዋን ሳይነኩ መጀመሪያ በርጩማ አቀረቡልኝና «እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ ልጄ» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሦስቱን ፒ እንደምነካካ ስነግራቸው አልሳቁም። ረዳታቸው ነው የሳቀው።

ሥራውን የጀመሩት ስክሪኑን ከአረብኛ ወደ እንግሊዝኛ በመቀየር ነው። መሪው ላይ ባሉት ቁልፎች፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። አራት ወር ሙሉ ሳላነበው የኖርኩት ጽሁፍ! «ሐኪም የበሽተኛውን ቋንቋ ካላወቀ ምን ያክማል?» አሉ።

ከዚያ ጎማዋን በድንጋይ ደገፉ፣ ሞተር ሳያስነሱ ቁልፍ ብቻ ከፍተው የኋላ ማርሽ አስገቡ፣ ወደ ኋላ ዞረው ባምፐሩ ላይ ያሉትን አራት ክብ ሴንሰሮች በጣታቸው ጫፍ ተራ በተራ ነኩ። «ነይ ንኪ» አሉኝ። ነካሁ። እንደ ሰዓት ቆጣሪ ትር ትር ይላል፣ በጣም ቀስ ብሎ። የሞተ ሴንሰር ይሄ ትርታ የለውም። ሦስቱ ደህና ይመታሉ። አራተኛው ደከም ያለ ነው። በቢላ ጫፍ ጠርዙን ፋቅ ሲያደርጉት ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ወጣ። የቀድሞው ባለቤት ባምፐሩን አስጠግኖ፣ ቀለም ቀቢው ሴንሰሩን ሳያወጣ ከላዩ ላይ ለስኖበት፣ ሲመልሱትም ወደ መሬት ያፈጠጠ አድርገው ነው የገጠሙት። ምስኪኗ ባዶ ሜዳ ላይ የምትጮኸው አስፋልቱን እያየች ነው።

አሠራሩን የነገሩኝ በገደል ማሚቶ ነው። ሴንሰሩ ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ይልካል፣ ድምፁ የሆነ ነገር ጋ ተጋጭቶ ይመለሳል፣ መኪናዋ ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ ቆጥራ ርቀቱን ታውቃለች። በኔ መኪና ከ120 እስከ 61 ሴንቲሜትር ባለው ርቀት ላይ እያረፈች ትጮኻለች፤ ከ60 እስከ 31 ትፈጥናለች፤ ከ30 በታች ሲሆን አታቋርጥም። ስለዚህ ሳታቋርጥ ከጮኸች መቆም ነው። ጭቃ ሲለጥፍበት፣ ዝናብ ሲመታው፣ ወፍራም ቀለም ሲጫነው ማሚቶው ይበላሻል።

አሁን የምነግራችሁን የትም ጋራዥ አላየሁም። ሴንሰሩን ከሶማሌ ተራ ባስመጡት ያገለገለ ሴንሰር ቀይረው፣ ቀጥ አድርገው ከገጠሙ በኋላ «ነይ ግቢና ቀስ እያልሽ ወደ ኋላ ንጂ» አሉኝ። ከኋላ ቢጫ ጀሪካን አስቀመጡ። ጮኸች። በጣም ስጠጋው ግን ድንገት ዝም አለች! ወርጄ ሳይ ጀሪካኑ ባምፐሩ ሥር ሊገባ ነው። አጭር ነገር ሲቀርብ ከሴንሰሩ እይታ በታች ይሆናል። ከዚያ የመጥረጊያ እንጨት አቆሙ። ምንም አላለችም። የመኪናዋ የራሷ መመሪያ መጽሐፍ ከ1 ሜትር ያጠረ፣ ከ14 ሴንቲሜትር የቀጠነ ነገር ላይታወቃት ይችላል እንደሚል ያኔ ነው የሰማሁት። በመጨረሻ ጋቢያቸውን አውልቀው ገመድ ላይ ሰቀሉት። መኪናዋ ጋቢውን እስክትነካው ድረስ ስትጠጋ ድምፅዋ ሲያመነታ ሰማሁ፤ ጨርቅ ድምፁን ይውጠዋል። «አየሽ፣» አሉ፣ «ቁጭ ያለ ሕፃን ከጀሪካኑ ብዙ አይበልጥም። ጋቢ የለበሰች እናትም አለች። ዞረሽ ሳታዪ ወደ ኋላ አትሂጂ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳልዞር ገብቼ አላውቅም፤ የሰፈር ልጆች የሆነ ነገር የጣልኩ ይመስላቸዋል።

የበራችንንም እንቆቅልሽ ፈቱልኝ። የካሜራው መስመሮች የተሠመሩት መሬቱ ሜዳ ነው ተብሎ ነው። ከኋላ መሬቱ ሽቅብ ከሆነ ያለው ነገር ካለበት ርቆ ይታያል። ቁልቁል ከሆነ ደግሞ የተገላቢጦሽ። የአይሱዙ ጭነት እንደሚወጣው፣ ከላይ ወደ ውጭ የሾለ ነገርንም መስመሩ አያውቀውም፤ መሬት ላይ ያለውን ብቻ ነው የሚለካው። የአዲስ አበባ ግቢ ደግሞ ስንቱ ነው ሜዳ የሆነው?

ወደ ሦስቱ ፒ ልመለስ። የማርሹ ፒ ማርሹን ይቆልፋል። በክብ ውስጥ ያለችው የእጅ ፍሬን ናት፤ ድሮ በክንድ የምንስበው ብረት አሁን ጎማው ጋ ባለ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሳብ ሆኗል ማለት ነው። ሞገድ ያላት የሴንሰሩ ማብሪያና ማጥፊያ ናት። በቃ ይኼው ነው። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቁኝ፦ የዚህ ዓይነት የእጅ ፍሬን ባትሪ ከሞተ አይለቅም፣ ስለዚህ ባትሪሽን አትናቂ አሉኝ። የኋላ ሸራ ሲቀየርም መጀመሪያ በኮምፒዩተር ወደ ጥገና ሁኔታ ገብቶ ራሱ እንዲከፈት መደረግ አለበት፤ እንደ ድሮው በሞርሳ ገፍቶ ማስገባት ያንን ትንሽ ሞተር ይሰብራል። የኔ ቢጫ መብራት የመጣው ከዚያ ነበር። ዕድሌ ሆኖ አልተሰበረም። በማሽን አስተካክለው፣ አጠፉልኝ።

የቀረውን ምልክት በቀለም ነው ያስጠኑኝ። ቀይ ቁሚ፣ ቢጫ ቶሎ አሳዪ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሥራ ላይ ነኝ ማለት ነው። ጀበና የምትመስለዋ የሞተር ዘይት ግፊት ናት። እየነዳሽ ቀይ ሆና ከበራች ጥግ ይዘሽ ሞተር አጥፊ፣ «ቤት ደርሼ» የሚባል ነገር የለም። ክብ ውስጥ ቃለ አጋኖ ያለባት ቀይ የእጅ ፍሬን ሲያዝ ትበራለች፤ ለቀሽው አሁንም ካልጠፋች የፍሬን ዘይት ጎድሎ ሊሆን ይችላል። እኔ ድስት የምትመስለኝ ቢጫዋ ደግሞ ጎማ ናት። እዚህች ጋ አንድ ዘዴ አለ፦ በርታ ከቀረች ጎማ ንፋስ ጎድሎታል፣ ጎሚስታ ጋ ሂዱ። ቁልፍ ስትከፍቱ አንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብላ ከዚያ ከቀጠለች ግን ችግሩ ጎማው ሳይሆን የንፋስ መለኪያው ነው። እኔ ለዚህች ሦስት ጊዜ ጎማ አስነፍቻለሁ።

አውቶ ሆልድ የምትለዋን ቁልፍ ነክቼያት አላውቅም ነበር። ነጭ ስትሆን ተዘጋጅታለች፣ አረንጓዴ ስትሆን መኪናዋን ይዛለች፣ ቢጫ ከሆነች ችግር አለ። ፍሬን ረግጣችሁ ስትቆሙ እግራችሁን ብታነሱም ይዛ ትጠብቃለች፤ ነዳጅ ስትሰጡ ትለቃለች። ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ በሚጨናነቅበት ሰዓት ሞክሯት። ከኋላዬ ያለው ታክሲ ላይ እንዳልንሸራተት የምጸልየው ጸሎት ቀርቷል።

ለሁሉም የከፈልኩት 4,500 ብር ነው፤ ሴንሰሩንም ጨምሮ። ለማስተማሩ አልተቀበሉኝም።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳትወቅሱኝ። ሰዓት አያከብሩም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ብለውኝ አራት ተኩል ነው የመጡት። ስልክ አያነሱም። ወሬ ይወዳሉ፣ ስለ ድሮ ፊያት ከጀመሩ ቡናችሁ ይቀዘቅዛል። ቦዲና ቀለም አይነኩም፤ የባምፐሬ ጭረት እስካሁን እንዳለ ነው። በወሩ በ12 ለሚካኤል ይዘጋሉ። የሚቸኩል ሰው ባይሄድ ይሻላል።

ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ እንድጽፍ አልፈቀዱም፤ «መቶ ሰው ከደወለ አንድ መኪና አልሠራም» አሉ። በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ግን ቦታውን እነግራለሁ፣ ፈቅደዋል። ጋሼ፣ ይህን ልጆችዎ ካነበቡልዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የጥበቃችን ሰውዬም ሰላም ብለውዎታል፤ አሁን «በቃ!» የሚሉት መኪናዋ መፍጠን ስትጀምር ነው።

የምትሄዱ ካላችሁ የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሌላችሁም በስልካችሁ አውርዱት፣ ገጹን እየገለጡ ያሳዩዋችኋል። ጀሪካኑንም እንዳይረሱት አስታውሷቸው።